በምሳ ሰዓት የፈሰሰው ውሃ

መጀመሪያ የተሰማው ድምፅ ነው። ከሩቅ የመጣ፣ ወፍራም፣ ከመሬት ሥር የሚጎተት የሚመስል የውሃ ጩኸት።

መቶ አለቃ ሶላንዥ ብሪዶ ማንኪያዋን ወደ አፏ እንዳቀረበች ቆም አለች። እሁድ ነው። እናቷ ማዳም ኖኤላ ጥንቸል በሰናፍጭ ሠርታ፣ ነፋስ እንዲገባ የወጥ ቤቱን መስኮት ከፍታ፣ ሁለቱ ብቻቸውን ምሳ ላይ ናቸው። ጩኸቱ ከረጃጅሞቹ ዛፎች ማዶ፣ ከቦዩ በኩል ነው የሚመጣው። ጥቂት ቆየ። ቀጠነ። ጠፋ።

"ምንድነው?" አለች ሶላንዥ።

"ግድቡ ነዋ። ነፋሱ ሲዞር እንዲህ ነው። ይልቅ ብይ፣ ቀዘቀዘብሽ።"

ሶላንዥ በላች።

በቫርኒ መንደር ተወልዶ ያደገ ሰው በምሳ ሰዓት ከቦዩ ምንም አይሰማም። በምሳ ሰዓት ቦይ የሚባል ነገር የለም። ጀልባን ከአንዱ የውሃ ከፍታ ወደ ሌላው የሚያሻግሩት የውሃ በር ጠባቂዎች መዝጊያውን የሚከፍቱበትን የብረት እጀታ ግድግዳ ላይ ሰቅለው ወደ ማዕዳቸው ይገባሉ። የመጣ ጀልባ ዳር ይዞ ይጠብቃል። ሚኒስትር ቢመጣ እንኳ ገመዱን አስሮ ዳቦውን ይቆርሳል። ይህን ማን እንደደነገገው የሚጠይቅ የለም፤ ጸሐይ ለምን በምሥራቅ ትወጣለች ብሎ የሚጠይቅ እንደሌለ ሁሉ።

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰው ፖሊስ ጣቢያ ገባ። ሃምሳ ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጢሙ ያልተላጨ። በእጁ ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ይዟል፤ ወንበር ሲሰጡትም ከረጢቱን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ በሁለት እጁ ያዘው።

ስሙ ዲዲዬ ላንዬ ነው። የመጣው ከሊዮን ነው። እናቱ ማዳም አርሌት በሊዮን የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ትኖራለች። አእምሮዋ ከሄደ ቆይቷል፤ የባሏን ስም ረስታለች፣ የልጇንም። ከመናገር ወደ ዝምታ፣ ከዝምታ ግድግዳ ወደማየት ደርሳለች። ልቧም ደካማ ነው። መድኃኒቷን ጠዋትና ማታ ካልወሰደች አንድ ቀን እንደተቀመጠች ትቀራለች፤ ሐኪሙ ያለው እንዲህ ነው። የት እንደምትኖር የመወሰን ሥልጣን ፍርድ ቤት ለልጁ ሰጥቷል። ቅዳሜ ዕለት አባቱ ኦክታቭ እንደ ልማዱ ሊጠይቃት መጣ። አትክልቱ ውስጥ ዞር ዞር እንበል ብሎ ክንዷን ይዞ ወጣ። አልተመለሱም። የአባቱ ጎረቤት እንደሚሉት፣ ሽማግሌው ቫርኒ ሄጄ ጀልባ እከራያለሁ እያለ ሰንብቷል።

"አባትዎ ክፉ ሰው ናቸው?" አለች ሶላንዥ።

"ግትር ነው። ዕድሜውን በጭነት ጀልባ ላይ ነው የጨረሰው። ውሃ ካላየ ሰው የሆነ አይመስለውም።"

"እናትዎስ?"

"እናቴ አሁን ምንም አይመስላትም።"

ከረጢቱን ከፈት አድርጎ አሳያት። መድኃኒቶቹ ናቸው። አባትየው ከመኖሪያው ይዞ የወጣው በኪስ የሚያዝ ጥቂት ብቻ ነው፤ ነርሷ ቆጥራ ነግራዋለች። ቢበዛ እስከ ሳምንቱ አጋማሽ ቢያደርሳት ነው።

ሶላንዥ ኮፍያዋን አነሳች።

የቫርኒ ጀልባ ማከራያ ከመንደሩ በታች ነው። ነጫጭ ጀልባዎች እንደ እንቁላል ተመሳስለው ተደርድረዋል። እረፍት ለማሳለፍ የሚመጣው ሰው ሁሉ ጉዞውን የሚጀምረው እዚህ ነው፤ የሚያስጀምረው ደግሞ ሬሚ ነው። ሬሚ ፊቱ በጸሐይ የተላጠ፣ ቀልድ የሚወድ ጎልማሳ ነው። ሶላንዥን ሲያይ ግን ቀልዱ ጠፋው።

አዎ፣ አንድ ሽማግሌና አንዲት አሮጊት መጥተዋል። ስማቸውን ፎሬ ብለው ነው የተከራዩት።

"መታወቂያ አላየህም?"

"ቅዳሜ እኮ ነው፣ መቶ አለቃ። ቅዳሜ ሁሉም ባንዴ ነው የሚፈስብኝ። እንግሊዙ ይጮሃል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ አንዱ ውሻው ውሃ ገብቶበታል። በዚህ መሃል አንድ ጨዋ ሽማግሌ ኮፍያውን አንስቶ ሰላም ሲለኝ ባርኬ ነው የተቀበልኩት።"

"ትምህርቱንስ ሰጠሃቸው?"

ሰጥቷል። ለማያውቅ ሰው የሚሰጠውን ሁሉ። ሞተሩ እንዴት እንደሚነሳ፣ መሪው ዘግይቶ እንደሚታዘዝ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ገመዱን። በውሃ በር ውስጥ ገመድ አይታሰርም። ከብረት ጉቶው ላይ አንድ ጊዜ ይዞራል፣ ጫፉ በእጅ ይያዛል፣ ውሃው ሲጎድል ገመዱ እየተለቀቀ ከጀልባው ጋር ይወርዳል። ያሰረ ሰው ጀልባው ግድግዳ ላይ እንደ ሥጋ ተንጠልጥሎ ይቀርበታል፤ ከዚያ በኋላ ማን እንደሚተርፍ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። ይህን ሬሚ ለሁሉም ይናገራል። ብዙው ሰው እያዛጋ ይሰማዋል።

"ሽማግሌው ግን ድገመው አለኝ። ደገምኩት። አሁንም ድገመው አለኝ። የሚያየው ግን እኔን አልነበረም። የሚስቱን እጆች ነበር የሚያየው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ሞተሩን አንስቶ ሲወጣ አየሁት። ከሁለት ጀልባ መሃል፣ ወደ ኋላ፣ ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ። ያኔ ነው የገባኝ። ከኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ነው ሳስተምር የቆየሁት አልኩ ለራሴ።"

ሬሚ ይህን ብሎ ሊስቅ ፈለገ፤ አልሆነለትም።

ሶላንዥ ቦዩን አየች። ነገሩ ቀላል ነው፤ ቀላል መሆን ነበረበት። ከማከራያው በላይ ያለው የውሃ በር ለጥገና ተነቅሏል፤ ወደ ላይ የሚሄድ ጀልባ የለም። ወደ ታች ደግሞ ረጅም ጸጥ ያለ ውሃ፣ በመጨረሻው ላይ የሜርል በር፣ ከሜርል በር በኋላ የዮን ወንዝ። ጀልባዋ በሜርል ካላለፈች እዚሁ ናት። ቦዩ ጥልቀት የለውም፤ ብትሰጥም እንኳ ጣሪያዋ ይታያል።

ሶላንዥና ሬሚ ዳር ዳሩን ሄዱ። እስከ ሜርል ድረስ ሄዱ። ጀልባ የለም።

የሜርል በር ጠባቂ ሮዝሊን ቱሽ ናት። ሶላንዥ ከእሷ ጋር ነው ፊደል የቆጠረችው። በሩ ማለት ሁለት ከባድ የእንጨት መዝጊያዎች፣ በመካከላቸው የድንጋይ ገንዳ፣ ከጎን አንዲት ትንሽ ቤት። ገንዳው ሲሞላ ጀልባ ወደ ላይ ይነሳል፣ ሲጎድል ወደ ታች ይወርዳል። ሮዝሊን እዚያች ቤት ነው የተወለደችው፤ እናቷም ከእሷ በፊት በረኛ ነበረች። ቤቷ የሥራዋ ነው። ሥራዋን ያጣች ዕለት ቤቷንም ታጣለች።

ሮዝሊን አትክልቷ ውስጥ ጎንበስ ብላ ነበር። አፍንጫዋ በጸሐይ ቀልቷል።

"ኮፍያሽን የት ጣልሽው?" አለች ሶላንዥ ለሰላምታ ያህል።

"የሆነ ቦታ። ምን ፈለግሽ?"

ሶላንዥ ነገረቻት። ነጭ ጀልባ፣ ሽማግሌና አሮጊት፣ ትናንት ወይም ዛሬ።

ሮዝሊን ቀና ብላ ፊት ለፊት አየቻት። "በሥራ ሰዓቴ እንዲህ ያለ ጀልባ አላለፈም" አለች።

ሶላንዥ አመነቻት። ሮዝሊን ዋሽታ አታውቅም።

ከበሩ በላይ አንድ የሆላንድ ጀልባ ታስሯል። ባለቤቱ ሄርማን የሚባል ቀይ ረጅም ሰው ነው። ፖሊስ ሲያይ አቤቱታውን ያዘንብ ጀመር። እሁድ ወደ ታች ሊወርድ ነበር፤ መንደሩ አጠገብ አስሮ ምሳውን በላ። ከምሳ በፊት ከታች የወጣች ጀልባ በአጠገቡ ስታልፍ አይቷል። ከታች የወጣ ጀልባ ገንዳውን ሙሉ ትቶ ነው የሚሄደው፤ እንግዲህ ምሳ እንዳበቃ ሰተት ብሎ መግባት ነበረበት። ሲደርስ ግን ገንዳው ባዶ ሆኖ አገኘው። እስኪሞላ መጠበቅ ግድ ሆነበት። ሚስቱም በመጠበቁ ተቆጥታ አንወርድም አለች። ይኸው እዚያው ነው።

"የሜርል በር ያፈሳል" አለችው ሶላንዥ። "መዝጊያው አሮጌ ነው።"

"ይህን ያህል?"

ሶላንዥ የሩጫ ድምፅ ሰምታ ዞረች። ሬሚ ከኋላዋ እየሮጠ መጥቶ ነበር። እጁ ላይ የሴት የገለባ ባርኔጣ ይዟል፤ ውሃ ያንጠባጥባል። ከድንጋይ ማውጫው ነው ያወጣው።

ድንጋይ ማውጫው ከቦዩ ጎን ያለ፣ አፉ ወደ ቦዩ የተከፈተ የድሮ ጉድጓድ ነው። ጥንት ድንጋይ ተቆርጦ ከዚያ በጀልባ ይጫን ነበር። ሥራው ሲቆም ውሃ ሞላው። በዚያ አካባቢ ጥልቅ ውሃ ቢኖር እሱ ብቻ ነው። የቫርኒ እናቶች ልጆቻቸውን የሚያስፈራሩበት ነው።

ዲዲዬ ባርኔጣውን ሲያይ አወቀው። እሱ ነበር የገዛላት።

ማክሰኞ ጠላቂዎች መጡ። የመንደሩ ሰው ዳሩን ይዞ ቆመ። ሬሚ ጥቂት ራቅ ብሎ ቆሟል። ሰዎቹ ዘወር እያሉ ያዩታል፤ ለማያውቀው ሽማግሌ ጀልባ የሰጠው እሱ ነው። አንዲት ሴት ልትጠጋው ፈልጋ ተመለሰች። ከውሃው አረፋ ይወጣል፣ ይጠፋል። መጀመሪያ ያወጡት የዛገ ብስክሌት ነው። ከዚያ ምንም። ውሃው ከታች እንደ ጭቃ ነው፣ በእጅ እየዳሰሱ ነው አሉ።

ዲዲዬ ከረጢቱን እንደያዘ ከሶላንዥ አጠገብ ቆመ።

"ገድሏታል" አለ ድምፁን ሳያነሳ።

"ለምን ይገድላታል?"

"ሊያሳርፋት። ራሱም ሊያርፍ። ሌላ ምን ይሠራል እዚህ? አንድ ጊዜ ወደ ውሃው እንውሰዳት ብሎ ለመነኝ። አይሆንም አልኩት። ብትወድቅስ? ብትታመም ሐኪም ከየት ይመጣል? አይሆንም አልኩት፤ አሁንም ቢጠይቀኝ አይሆንም ነው የምለው።"

"እርስዎ ጀልባው ላይ ነው ያደጉት?"

ዲዲዬ ዓይኑን ከውሃው ሳያነሳ ነገራት። እስከ ስድስት ዓመቱ ጀልባው ላይ ነበር። እናቱ ወገቡን በገመድ ከመሪው ቤት ጋር አስራ ነው ያሳደገችው፤ የጀልባ ልጅ ሁሉ እንዲህ ነው። ከዚያ ትምህርት ቤት አስገቡት። የጀልባ ሠራተኞች ልጆች የሚያድሩበት ትምህርት ቤት ነበር፣ ቦዩ ዳር። ጭነት በዚያ በኩል ሲገጥማቸው ወላጆቹ ያልፋሉ። ይሮጣል፣ ገመድ ይቀበላል፣ እናቱ ስማው፣ ዳቦ ሰጥታው፣ ገመዱን መልሳ ትወስዳለች። ጀልባው ይሄዳል።

"ዳር ላይ ቆሞ የሚቀረው ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ" አለ። "አሁን የት እንደምትኖር የምወስነው እኔ ነኝ። ደህና ቦታ ነው ያስቀመጥኳት። ደረቅ ቦታ።"

ሶላንዥ ፊቱን አየችው። በነጋታው የእናቱ መድኃኒት የሚያልቅበት ቀን ነው። ሁለቱም ያውቁታል።

ረቡዕ ጠላቂዎቹ ገና ከውሃው ሳይወጡ ምሳ ሰዓት ደረሰ። ሶላንዥ ወደ እናቷ ቤት ሄደች። የሽንኩርት ሾርባ ቀረበላት። መስኮቱ ክፍት ነው። ነፋሱ ከቦዩ በኩል ይነፍሳል፤ መጋረጃውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"እማዬ፣ ግድቡ ይሰማሻል?"

"የምን ግድብ?"

"እሁድ የሰማነው። ነፋሱ ሲዞር ይሰማል ያልሽኝ። ይኸው ነፋሱ ከዚያው ነው።"

ማዳም ኖኤላ አዳመጠች። ቅጠል ይንሾካሾካል። ከዚያ በቀር ምንም የለም።

"ታዲያ እሁድ ምን ነበር?" አለች እናትየው።

ሶላንዥ ተነስታለች። ሆላንዳዊው ነግሯት ነበር። ገንዳው ሙሉ መሆን ነበረበት፣ ባዶ ሆኖ ተገኘ። እሷ ራሷ ውሃው ሲለቀቅ በጆሮዋ ሰምታለች። ሰምታም ያልሰማችው የቫርኒ ልጅ ስለሆነች ነው። ባዕድ ፖሊስ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ሰዓት ነበር።

"ሾርባሽስ?"

"ይቆየኛል።"

በምሳ ሰዓት የበረኛ ቤት የሚያንኳኳ የለም። ሶላንዥ አንኳኳች። ሮዝሊን በሩን ስትከፍት ናፕኪኗ አንገቷ ላይ ነበር።

"እኩለ ቀን ነው፣ ሶላንዥ።"

"አውቃለሁ። ለዚህ ነው የመጣሁት።"

ሮዝሊን ጥቂት አየቻትና ገለል አለችላት። ጠረጴዛው ላይ ዳቦ፣ የፍየል አይብ፣ ግማሽ ብርጭቆ ወይን። የብረት እጀታው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

"እሁድ እጀታው የት ነበር?"

"እዚያው።"

"ሙሉውን ሰዓት?"

ሮዝሊን ዓይኗን ወደ ዳቦው መለሰች።

"ሮዝሊን፣ በሥራ ሰዓቴ አላለፈም ነው ያልሽኝ። እኔም ደደብ ሆኜ በሥራ ሰዓትሽ ብቻ ፈለግሁ። ሰዎቹ ሁለት ቀን ሙሉ ጭቃ እየዳሰሱ ነው። ልጅየው እዚያ ቆሟል፣ እናቱን ሬሳ ሆና ስትወጣ ሊያይ። ሬሚን መንደሩ እንደ ነፍሰ ገዳይ እያየው ነው።"

ሮዝሊን ናፕኪኑን ከአንገቷ አውርዳ አጠፈችው።

"ድንጋይ ማውጫው ጋ ለምን ሄዱ?"

"ባርኔጣዋን አገኙ።"

"ነፋስ ነው የወሰደባት። ሌሊቱን እዚያ አፉ ላይ አስረው ነበር ያደሩት። ራሷ ባዶ ነበር፣ በዚያ ጸሐይ። የኔን ሰጠኋት።"

ሶላንዥ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ብዙ መጠየቅ አላስፈለጋትም።

እሁድ ሮዝሊን ምሳዋን ልትጀምር ስትል ጀልባዋ ቀስ ብላ መጣች። ሮዝሊን በመስኮት እጇን አወዛወዘች፤ ዝግ ነው ለማለት። ሽማግሌው አልተከራከረም፣ ገመዱን አዘጋጅቶ ዳር ያዘ። ያኔ አሮጊቷ ከተቀመጠችበት ተነሳች። ወደ ጀልባው ፊት ሄደች። ገመዱን ከሽማግሌው እጅ ነጥቃ፣ ሁለት ጊዜ ጠቅልላ፣ ወረወረች። ገመዱ ጉቶው ላይ ዐረፈ። ልክ ጉቶው ላይ። ከዚያ ቀና ብላ ወደ ቤቱ ተጣራች።

"የእናቴን ስም ነው የጠራችው" አለች ሮዝሊን። "ፖሌት፣ አለች። ፖሌት፣ ክፈችልን እንጂ፣ ከኋላችን የሚጠብቁ አሉ። ስወጣ ሽማግሌው አላየኝም። መሪው ላይ ተደፍቶ ነበር። ትከሻው ብቻ ነው የሚታየኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም አለኝ ኋላ። ምን ላድርግ? ቆይ፣ ምሳዬን ልጨርስ ልበላት? ቆይቼ ብመለስ እኮ አእምሮዋ ሄዷል። በዚያች ደቂቃ ነው እዚህ የነበረችው።"

"ፖሊስ እንደሚፈልጋቸው ታውቂ ነበር?"

"ነገረኝ። ከልጄ ወስጃት ነው የመጣሁት፣ ብትከፍቺልኝ ጥፋቱ ለአንቺም ይተርፋል አለኝ። አልዋሸኝም።"

"ቤትሽንስ አላሰብሽም?"

"ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አስቤ አላውቅም።"

ሶላንዥ መስኮቱን አየች። ከመስኮቱ ማዶ መዝጊያው ጥላውን ውሃው ላይ ጥሏል።

"ወዴት ሄዱ?"

"ወደ ወንዙ። እሷ ስንዴ ልንጭን ነው አለችኝ።"

ስንዴ በዮን ወንዝ ላይ የሚጫነው ድሮ ወንዙ ዳር ባለችው ሳን-ቬራን መንደር ነበር። ጎተራው ባዶ ከሆነ ቆይቷል፤ መስኮቶቹን እርግቦች ወርሰውታል። ወንዙ ላይ ነጫጭ ጀልባዎች ሞልተዋል፣ ሁሉም አንድ ናቸው። ማንም እዚያ አልፈለገም። በሜርል አላለፈችማ።

ሶላንዥ መጀመሪያ ለጠላቂዎቹ ደውላ ከውሃው አስወጣቻቸው። ከዚያ ዲዲዬን በመኪናዋ ጫነችው። በሕይወት እንዳሉ እንደምታስብ ነገረችው፤ ግን እርግጠኛ አልነበረችም። መድኃኒቱ ዛሬ ያልቃል፣ ምናልባትም ትናንት አልቋል። ዲዲዬ ከረጢቱን ደረቱ ላይ ይዞ መንገዱን ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ። በረኛዋ ለምን ከፈተችላቸው ብሎ ጠየቀ። ሶላንዥ የሰማችውን አንድ ሳታስቀር ነገረችው። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ሳን-ቬራን ሲደርሱ የድሮው መጫኛ ድንጋይ ባዶ ነበር።

ከዚያ ሞተር ተሰማ።

ጀልባዋ ከወንዙ መሃል እየዞረች ወደ መጫኛው ትመጣለች። መሪው ላይ አንድ ረጅም ሽማግሌ። ከጀልባዋ ፊት አንዲት ትንሽ አሮጊት፤ የሮዝሊንን ሰማያዊ ኮፍያ አድርጋለች፣ እጇ ላይ የተጠቀለለ ገመድ አለ። ኋላ ላይ ኦክታቭ እንደነገራቸው፣ በየቀኑ የሚሠሩት ይህንኑ ነበር። ከመጫኛው ይነሳሉ፣ ጥቂት ይሄዳሉ፣ ዞረው ይመለሳሉ። እንደገና ይነሳሉ። ሌላው ሁሉ ጠፍቶባታል፤ መነሳትና መድረስ ግን አልጠፋባትም።

ኦክታቭ ዳር ላይ የቆሙትን አይቷል። ልጁን አወቀ። መሪውን አላዞረም። ሞተሩን ቀነሰና እንዳመጣጡ መጣ።

አርሌትም አየቻቸው። ዓይኗ የፖሊሷን ልብስ አለፈው። ዲዲዬ ላይ ቆመ፤ ሰው እንደምታይ እንጂ ልጅዋን እንደምታይ አልነበረም።

"አንተ ልጅ!" አለች። "ምን ትገተራለህ? ያዝ!"

ገመዱ መጣ። ትከሻው ላይ ዐረፈ።

ከረጢቱ ከእጁ ወደቀ። ዲዲዬ ገመዱን ያዘ፣ ወደ ብረት ጉቶው ሄደ፣ አንድ ጊዜ አዞረው። አላሰረውም። ጫፉን በእጁ ይዞ፣ ጀልባዋ ስትጎትት እየለቀቀ፣ ስትመለስ እየሰበሰበ፣ ድንጋዩን ሳትነካ አቆማት። እጆቹ ራሳቸው ነው የሠሩት። ፊቱ የሚሆነውን የሚያውቅ አይመስልም።

አርሌት ከላይ ሆና በጥሞና አየችው።

"ማን አስተማረህ?"

"እናቴ" አለ።

"ጎበዝ ናት።"

ኦክታቭ ሞተሩን አጠፋ። ጸጥ ሲል የእርግቦቹ ክንፍ ተሰማ። ሽማግሌው ኮፍያውን አውልቆ ወደ ሶላንዥ ዞረ።

"ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ መቶ አለቃ። የሜርል በረኛ ምንም አታውቅም። ዋሽቼ ነው ያስከፈትኳት።"

"ሙሴ ላንዬ፣ ሮዝሊን ሌላ ነው የነገረችኝ።"

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ፤ እንዲያ ትላለች ብዬ ነበር የሚል ይመስላል። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ልጁን ሳያይ፣ የመጨረሻዋን መድኃኒት ዛሬ ጠዋት እንደሰጣት ተናገረ። ነገ እሷን ይዞ ሊመለስ አስቦ ነበር። ሐኪም ቤትም እስር ቤትም ይሁን፣ ነገ።

"አንዴ ተነሺ፣ ጉዞ ነው ልላት ነው የፈለግሁት" አለ። "ከውሃው ጋር አልተሰናበትንም ነበር። ጀልባችንን ሲወስዱብን ሐኪም ቤት ነበረች።"

ሶላንዥ ወደ ዲዲዬ ዞረች። ልትጠይቀው የሚገባትን መጠየቅ አለባት። አቤቱታው የሱ ነው። ከቀጠለበት ሽማግሌው ዛሬ ከእሷ ጋር ይሄዳል፤ ሮዝሊንም እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ከዚያች ቤት ትወጣለች።

"ሙሴ ዲዲዬ፣ ክስዎን ይቀጥሉበታል?"

ዲዲዬ የገመዱን ጫፍ ለእሷ አቀበላት። ሳታስበው ተቀበለችው። ጎንበስ ብሎ ከረጢቱን አነሳ፣ አፈሩን በመዳፉ አራገፈ፣ ጀልባው ወለል ላይ አስቀመጠው፤ ከእናቱ እግር አጠገብ፣ ረግጣ እንዳትወድቅበት ትንሽ ወደ ጎን። አባቱን አየውና "ጠዋትና ማታ ነው" አለው። አባቱም አየው።

ከዚያ ዞረና በዳሩ መንገድ ወደ መንደሩ መራመድ ጀመረ።

"ሙሴ ዲዲዬ!" አለች ሶላንዥ።

አልዞረም። አርሌት ኮፍያዋን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ፣ ከዛፎቹ ኋላ እስኪሰወር ድረስ በዓይኗ ሸኘችው። ሶላንዥ የገመዱን ጫፍ እንደያዘች ቆማ ቀረች።